ለሰው የማይቀርብ ቡና

ቡና የሚጠጣ ሰውና ቡና የሚያውቅ ሰው አንድ ጣሪያ ሥር ከገቡ፣ የሚጠጣው መጠማቱ አይቀርም። መምህርቷ ይህን የተረዳችው ባለቤቷ ያን የሚያብረቀርቅ የቡና ማሽን ታቅፎ በመጣ በሳምንቱ ነው።

እስከዚያ ድረስ ሰውዬው ጨዋ የመድን ድርጅት ሠራተኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን «ሊቀ ማሽን» ሆነ። ማዕረጉን ያወጣችለት እሷ ስትሆን፣ እሱ ግን ቀልድ መሆኑን ሳይጠረጥር ተቀበለው። ጠዋት ጠዋት ሽርጡን ታጥቆ ቡናውን ወርቅ በሚመዝኑበት ዓይነት ሚዛን ይመዝናል፤ አሥራ ስምንት ግራም። አንዲት ፍሬ ከተረፈች በጥፍሩ ለቅሞ ያወጣታል። ይፈጫል፣ ይጠቀጥቃል፣ ቁልፉን ይጫንና ሰዓቱ ላይ ያፈጣል። በዚያች ግማሽ ደቂቃ ቤቱ ውስጥ ትንፍሽ ማለት ክልክል ነው። የገዛ እናቱ እንኳ ቢደውሉ ስልኩ ጮኾ ጮኾ ይዘጋል።

ከዚያ ይቀምሳል። ቀምሶም ፊቱ መርዶ እንደሰማ ሰው ይጠቁራል። «ይሄ ለሰው አይቀርብም» ይልና ዕቃ ማጠቢያው ላይ ይደፋዋል። አንዴ ቸኩሎ ወረደ፣ አንዴ አረፋው ሳሳ፤ አንድ ቀንማ ጥፋቱ የዝናቡ ነው ተባለ።

«እንደ ሰው አትቁጠረኝና ስጠኝ» ብላ ለምናው ታውቃለች። እሱ ግን ሚስቱን እንዲህ ያለ ነገር ከሚያጠጣ በጥም ቢገላት የሚሻል መሰለው።

እሷም ጉዱን ለማንም ሳትናገር፣ አውቶቡስ መጠበቂያው አጠገብ ካለችው ባለ ኪዮስክ ዘንድ ከፔርሙስ የሚቀዳ ቡና እየጠጣች ሥራ መግባት ጀመረች። ባለ ኪዮስኳ ስለ ግራም ምንም አታውቅም። ቡናዋ ግን ይጠጣል።

አንድ ጠዋት ሊቀ ማሽን የረሳችውን መነጽር ይዞ እየሮጠ ደረሰባት። ሲኒውን እንደያዘች ክው አለች። እሱ ሲኒውን ከእጇ ተቀበላትና ፉት አለ። ይተፋዋል ብላ ስትጠብቅ እስከ አተላው ጨረሰው።

«ከጀመርሽ ስንት ጊዜሽ ነው?» አላት በቀስታ።

«ስምንት ወር።»

ማሽኑም ከተገዛ ስምንት ወሩ ነው። መነጽሩን ሰጣትና አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። ቀኑን ሙሉ ማስተማር አቃታት። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

በማግስቱ ወጥ ቤት ስትገባ የሚደፋ ነገር አልነበረም። ሊቀ ማሽን አንዲት ሲኒ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል።

«አልቀመስኩትም» አለ ሳይዞር። «ከቀመስኩት እደፋዋለሁ።»

ቀመሰችው። ይመራል፣ ይጎመዝዛል፣ ደግሞም በርዷል። ጀርባውን አየችና አንጀቷን በላት፤ ይህን ሰው ምን ያህል እንደምትወደው ትዝ አላት። አውቶቡሱ በመስኮቱ ሥር ሲያልፍ ይሰማታል። ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ጨለጠችውና ሲኒውን ዘረጋችለት።

«ድገመኝ» አለችው።