በዓይን የሚመዝኑ ሰው

ሰው በዓይናቸው የሚመዝኑ ጎረቤት ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ ዘንዘልማ ላይ አሉኝ፤ ጋሽ ሙሉ ይባላሉ። በግ ሲገዙ ጀርባውን ዳብሰው፣ ላቱን አንስተው ነው። ሰውን መዳበስ ነውር ስለሆነ ግን በዓይን ይጨርሱታል። ለባለቤቴ ሰላምታቸው ሁልጊዜ «ወፈርሽ!» ነው። እሷም ሁልጊዜ ትኮሳተራለች።

ባለፈው ክረምት አንጀቷ ላይ ዕጢ ተገኘባትና ባሕር ዳር ሆስፒታል ለቀዶ ጥገና ገባች። ሐኪሙ ሆዷን በሰፊው ሳይከፍት፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራ አስገብቶ እንደሚሠራት ነገረን። ጋሽ ሙሉ ሊያጽናኑኝ መጥተው ከቀዶ ጥገናው ክፍል በር ፊት ለፊት አጠገቤ ተቀመጡ። እንዴት ያጽናኑኝ መሰላችሁ?

«ልጄ፣ ያን ሁሉ ስብ በዚያች ቀዳዳ እንዴት ያልፉታል?»

ከእሷ በኋላ የገባ አንድ ቀጭን ሰውዬ ቀድሟት ወጣ። ጋሽ ሙሉ «አላልሁህም?» በሚል ዓይን አዩኝ። የበግ ሚዛን ስለ ሰው አንጀት ምን ያውቃል? እላለሁ ለራሴ፤ ልቤ ግን አምኗቸዋል።

በመጨረሻ ሐኪሙ ብቅ አለ።

«ስቡ ትንሽ አዘገየን እንጂ በሰላም ጨርሰናል።»

ተመስገን ብዬ ግድግዳውን ተደገፍሁ።

በማግስቱ ስንገባ ፊቷ ገርጥቶ ተኝታለች። ጋሽ ሙሉ ከራስጌዋ ቆመው እንደ ልማዳቸው መዘኗት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«እግዜር ይማርሽ ልጄ፤ ምነው፣ ከሳሽ'ኮ!»

ባለቤቴ ዓይኗን ገለጠች። ከንፈሯ ደርቋል፣ ድምጿ አይሰማም። ሁለታችንም ጎንበስ አልንላት።

«ጋሼ... እስቲ ይድገሙልኝ።»