«ግራ!» ባዩ ሳይክለኛ

እናንተዬ፣ ደወልም ፍሬንም በሌለው ሳይክል ከኋላ እየበረረ «ግራ!» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? በባሮ ድልድይ ላይ እግረኛና ሳይክል የምንጋራት ጠባብ መተላለፊያ አለች። እዚያ ሲደርስ ይኼ ሰው በአንዲት ቃል ግዴታውን የተወጣ ይመስለዋል። ግን ወደ ግራ የሚሄደው እሱ ነው ወይስ እኔ? ግስ የሌለው ዓረፍተ ነገር አጥንት እንደሚሰብር ትምህርት ቤት ያስተማረን የለም።

ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤቴ አጁሉ ለገበያ የሚሆን ዓሣ በሳፋ ሞልታ፣ በራሷ ላይ ተሸክማ ከፊቴ ትሄዳለች። ከኋላ «ግራ! ግራ!» ተባለ። እኔ ወደ ግራ ዘለልኩ፤ ለካ እሱም የሚመጣው ወደ ግራ ኖሯል። ከእኔ ሊሸሽ መሪውን ሲጠመዝዝ በቀጥታ ወደ አጁሉ ዞረ። እሷ አንገቷን ብታዞር ሳፋው ተገልብጦ የልጆቿ ቀለብ ወደመጣበት ወንዝ ሊመለስ ነው። ባለችበት ቀጥ ብላ ቆመች። ሰውዬው ሸበጡን አስፋልቱ ላይ እየጎተተ መጥቶ ጎማው ተረከዟ ሥር ቆመ።

«ማዘር፣ ግራ አላልኩም እንዴ?»

«የማን ግራ?» አለች፣ ሳትዞር።

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ሰላም በል። ሰላም ያለ ሰው፣ ሰው አይገጭም።»

እያፈረ ወርዶ «ሰላም ነሽ ማዘር?» አላት። የእኛ ሰላምታ ደግሞ መቼ አጭር ሆኖ ያውቃል? ሳይክሉን እየገፋ ልጆቿን፣ ጤናዋን፣ የዝናቡን ነገር ጠይቆ ሳይጨርስ ድልድዩ አለቀ።