ለሞተ ስልክ የተላኩ ሽማግሌዎች

እናንተ ቤት የሞቱ ስልኮች የተቆለፉበት መሳቢያ የለም? ካለ አትፍሩ፣ ስም አልጠራም። ግሽ አባይ ስልክና የሶላር መብራት ስጠግን ብዙ ዓይነት ሰው አይቻለሁ፤ እንደ ጎረቤታችን እንደ ጋሽ ሙላት ያለ ግን አልገጠመኝም።

ጋሽ ሙላት ዜና በሰሙ ቁጥር "ለባትሪ ብለው ምድርን ቆፍረው ሊጨርሷት ነው!" እያሉ ይቆጣሉ። መሳቢያቸው ውስጥ ግን ስድስት የማይሠሩ ስልኮች ቆልፈዋል። በቀደም የሶላር መብራታቸው ባትሪ ሞተ። የሰፈሩ መብራት ከጠፋ ሰንብቷል፤ ልጃቸው ደግሞ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደርሶባታል።

"ጋሼ፣ የአንዱ ስልክዎ ባትሪ ይሆነዋል፤ የተበላሸው ስክሪኑ ብቻ ነው" አልሁ አንገቴን ደፍቼ።

"የስልኬን ሆድ ልትቀድጂ? አዲስ ባትሪ ፈልጊልኝ እንጂ!"

"ምድርን ቆፍሬ?" ልላቸው ነበር፤ መፍቻዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

ባለቤታቸው ቸግሯቸው ሽማግሌ ላኩ። እውነቴን ነው! ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው በር ላይ ቆሙ፤ እኔም ከኋላቸው ተሸጎጥሁ። ተቀመጡ ቢባሉ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ።

ጋሽ ሙላት ደነገጡ። "ልጄ ገና ተማሪ ናት፤ አልድርም!"

"ልጅዎን ማን ጠየቀ? ስልክዎን ነው" አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ መሪጌታ ተሰማ።

መሳቢያው ተከፈተ። ጋሽ ሙላት አንዱን ስልክ "አደራሽን፣ በደንብ ያዢው" ብለው እንደ ሙሽራ አስረከቡኝ። መብራቱ በራ፤ ልጅቱም መጽሐፏን ገለጠች።

በማግስቱ የመሪጌታ ባለቤት ሱቄ ድረስ መጥተው ጆሮዬ ላይ አንሾካሾኩ፦ "ልጄ፣ እኛም ቤት ሽማግሌ ላኪልን። መሪጌታ አሥራ አንድ ቆልፈዋል።"