ወንበሩ የኔ፣ መቀሱ የኔ

የነፃነትን ትርጉም ለዓለም ያስተማሩ ጠቢባን ሲዘረዘሩ የከተማችን ፀጉር አስተካካይ መዘለላቸው የታሪክ ጸሐፊዎችን ያስወቅሳል። እኚህ ታላቅ ሰው በፀጉር ቤታቸው በር ላይ «ድርጅቱ የግል ስለሆነ ከድልድዩ ማዶ የሚመጣ አይስተናገድም» የሚል ማስታወቂያ ለጥፈዋል። የማዶ ሰው ምን እንደበደላቸው ሲጠየቁ፣ «ምንም! ቢበድለኝማ ቂመኛ እባል ነበር» ይላሉ። እንዲህ ያለ ንጹሕ ልብ ከየት ይገኛል?

አንድ ቀን የማዘጋጃ ቤት ተቆጣጣሪ መጣ።

«ጋሼ፣ ለሕዝብ የተከፈተ ቤት ሰው አይለይም ይላል ደንቡ።»

«ደንቡ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ወንበሩ የኔ፣ መቀሱ የኔ!»

«ፀጉሩስ?»

«እሱን ተወው!»

ተቆጣጣሪው ማስጠንቀቂያ ጽፎ ሄደ። እሳቸውም ደንቡ የግል ድርጅትን እንዳይነካ የሚጠይቅ ባለአምስት ገጽ አቤቱታ አስገቡ።

በዚህ መሀል የልጃቸው ሠርግ ደረሰ። መቼም ፀጉር አስተካካይ የቱንም ያህል ጠቢብ ቢሆን የራሱን ማጅራት አያይም። የሳቸውን ይቆርጥ የነበረው ወንድማቸው ከተማ ከለቀቀ ሦስት ወሩ ነው፤ ፀጉራቸው ጆሯቸውን ሸፍኗል። ሙሽራዋ «አባዬ፣ እንዲህ ሆነህማ ከጎኔ አትቆምም!» አለች። የቀረው ፀጉር ቤት ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከድልድዩ ማዶ። ከመሞት መሰንበት ብለው ባርኔጣቸውን ደፍተው ተሻገሩ።

የማዶው ባለሙያ ግራ ጎናቸውን አሳምሮ ከቆረጠ በኋላ መቀሱን አስቀመጠ።

«ለመሆኑ ጋሼ፣ ሰፈርዎ ወዴት ነው?»

«ከ... ከድልድዩ ወዲያ።»

«እንግዲያው ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ድርጅቱ የግል ነው።»

ጀግናችን ፎጣውን እንደለበሱ ብድግ አሉ። «በሕግ አምላክ! በዚህ አገር ደንብ የለም እንዴ? ነገ እኮ ልጄን ልድር ነው!» እውነት ለመናገር አንጀት በሉ።

«ይቀመጡ፣ ስቀልድ ነው» አለ ሰውየው እየሳቀ። «ከዚህ ቤት ሰው ተመልሶ አያውቅም።» ቀኙንም ከግራው አስተካክሎ ሸኛቸው።

ሠርጉ አማረ። ሰኞ ጠዋት ማዘጋጃ ቤት ቀርበው የቀድሞ አቤቱታቸውን መልሰው ወሰዱ። ተቆጣጣሪው ደስ ብሎት ሊያቅፋቸው ሲነሣ አዲስ ማመልከቻ ዘረጉለት። ደንቡ በግል ድርጅቶች ላይ ዛሬ ነገ ሳይባል እንዲጸና፣ በተለይም ማዶ ባለው ፀጉር ቤት ላይ ቁጥጥሩ እንዲጠብቅ ይላል።

«የርስዎስ ቤት?» አለ ተቆጣጣሪው።

«የኔን እንኳ ተወው» አሉ ማጅራታቸውን እየዳበሱ። «እኔ በራሴ ቤት ፀጉሬን አልቆረጥም።»