የኪስ አስተርጓሚው በበዴሳ መንገድ

አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ትቶ ከማሽን ጋር የሚነጋገር መንገደኛ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ እንደ እኔው በቅርቡ ሶዶ ተመድቦ የሚያስተምረው ጓደኛዬ ሳምሶን ነው። የእጮኛውን አባት ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያይ ወደ ወላይታዋ በዴሳ ስንሄድ የኪስ አስተርጓሚ ገዝቶ ነበር። «አባዬ ሰላምታ ላይ ለሚቸኩል ሰው ልጁን አይሰጥም» ብላ እጮኛው አስጠንቅቃዋለቻ!

ሚኒባሱ በጭጋጉ ውስጥ እንደ ሕልም ሲንሳፈፍ ሳምሶን ማሽኑ ከሚያውቃቸው አርባ ቋንቋዎች መካከል ወላይትኛን ይፈልጋል። የለም።

«ልጄ፣ እኛን ብትጠይቀንስ?» አሉት አጠገቡ የተቀመጡ እናት። «ሳሮ በል፤ ሰላም ማለት ነው።»

«ቆዩ እማማ፣ እየፈለገ ነው።»

በዴሳ ደረስን። አባትየው ስለ ቤቱ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ መንገዱ በወላይትኛ ረጋ ብለው ጠየቁት። ሳምሶን ማሽኑን ወደ አፋቸው አስጠጋ። ማሽኑ አንዲት ቃል አልተረጎመም፤ እሳቸውም መጠየቃቸውን አቆሙ። ሠርጉ ከጭጋጉ ጋር ሲበተን ታየኝ።

«ስልክህን ጨርስ ልጄ፤ እንጠብቅሃለን» አሉት አባትየው፣ ማሽኑን ስልክ ቆጥረውት፣ በጥሩ አማርኛ።

ሳምሶን ማሽኑን ኪሱ ከተተና ላቡን ጠርጎ «ሳሮ» አለ። አባትየው ሳቁ፤ ሁለት እጁን ይዘውም ሰላምታውን ከመጀመሪያው ጀመሩት።

እስቲ እናንተም በሚቀጥለው ጉዟችሁ ማሽኑን ኪሳችሁ ውስጥ ተዉትና አጠገባችሁ ያለውን ሰው «አንድ ሰላምታ አስተምረኝ» በሉት።