ክቡር አቶ አይሆንም እና የጠፈር መንኮራኩሮቹ

ጌም ቤት ለከፈተ ሰው ሁሉ ፈጣሪ አንድ ሰው ያዝዝበታል። ይህ ሰው ጆይስቲክ አይነካም፣ ወረፋም አይይዝም። እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ከተጫዋቹ ጀርባ ይቆምና ያርማል። ኳስ ከሆነ አሰልጣኝ ነው፣ መኪና ከሆነ ሹፌር። ለእታለም የደረሳት ግን ከሁሉም የባሰው ነበር፤ የፊዚክስ መምህር።

ደንበኞቿ ሁሉ እታለም ነበር የሚሏት። ጌም ቤቷ ቀድሞ ፀጉር ቤት የነበረች ጠባብ ክፍል ናት። መስታወቶቹን ከግድግዳው ስላላነሳቻቸው የተሸነፈ ሰው የገዛ ፊቱን እያየ ነበር የሚበሳጨው።

መምህሩ መጀመሪያ የመጡት ከክፍል የጠፉ ተማሪዎቻቸውን ጆሮ ሊቆነጥጡ ነው። በሩን ከፍተው ሲገቡ ስክሪኑ ላይ አንድ የጠፈር መንኮራኩር ቤቱን በሚያናውጥ ድምፅ ፈነዳ። መምህሩ የመጡበትን ረሱት።

«አይሆንም!» አሉ።

«ምኑ ነው የማይሆነው ጋሼ?» አለ ተጫዋቹ፣ መዶሻ የሚሉት የጋራዥ ሠራተኛ።

«ድምፁ ነዋ! ጠፈር ላይ አየር የለም። አየር ከሌለ ድምፁ በምን ይሄዳል?»

ይህን ሲያስረዱ ተማሪዎቹ በጀርባቸው ሹልክ ብለው ወጡ። መምህሩ ግን ቀሩ። በማግስቱም መጡ፣ በሳልስቱም፤ እጅጌያቸው ላይ የጠመኔ ብናኝ እንዳለ። ክቡር አቶ አይሆንም የሚለው ማዕረግም የዚያን ሰሞን ጸደቀላቸው።

የሚያልፉት ነገር አልነበረም። ጀግናው የጨረር ጥይት ጎንበስ ብሎ ሲያመልጥ፣ «ብርሃን ሲመጣ አይተህ ልታመልጥ? ካየኸውማ መትቶሃል!» ይላሉ። በጥይት የተበሳሳ ወታደር አንድ መርፌ ተወግቶ ሲነሳ፣ «ጥይቱስ? ጥይቱ የት ገባ?» ይላሉ።

«ጋሼ፣ ይሄ መርፌ የሚሸጥበትን ካገኙ ለእኔም ይንገሩኝ» አለች አንዲት መድኃኒት ቤት የምትሠራ ልጅ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

መዶሻን ግን በአንድ ጥያቄ አበላሹት። ጨዋታው ውስጥ ተጫዋቹን ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው በቅጽበት የሚያሻግር በር ነበር። «ይሄ በር እዚህ ፈታትቶ እዚያ ይገጥምሃል» አሉት። «ታዲያ እዚያ ማዶ የሚወጣው አንተ ነህ ወይስ ቅጂህ?»

መዶሻ ጆይስቲኩን አስቀመጠ። «እኔ ራሴ ሞተር ፈትቼ ስገጥም አንዳንድ ብሎን ይተርፈኛል» አለ በፍርሃት። ከዚያ ወዲያ በዚያ በር አላለፈም። ሌላው ሰው በቅጽበት የሚሻገረውን በረሃ በእግሩ ሲያቋርጥ ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ አንጀቱ ያርር ነበር።

ነገሩ የከረረው በውድድሩ ቀን ነው። ከመንገዱ ማዶ ትልቅ ጌም ቤት ተከፍቶ የእታለም ደንበኞች መሸሽ ጀምረው ነበር። እሷም ስሟን ለማስመለስ ውድድር ጠራች። ለፍጻሜ የቀረቡት መዶሻና የማዶው ቤት አንበሳ ናቸው። ክፍሏ ጢም ብላለች። መዶሻ እየመራ ነው፤ መንኮራኩሩን ሊያቆም ሞተሩን አጠፋ፣ ቀጥ ብሎም ቆመለት።

«አይሆንም! ጠፈር ላይ ሞተር ስላጠፋህ አትቆምም! ማን ፍሬን ያዘልህ?»

መዶሻ ሊመልስላቸው ዞር አለ። እስኪመለስ ተጋጣሚው አመድ አድርጎት ነበር።

ጩኸቱ ጋብ ሲል እታለም ወደ መምህሩ ሄደች። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሁለተኛ እንዳይመጡብኝ።»

ይከራከሩኛል ብላ ነበር። እሳቸው ግን «ልክ ነሽ» አሉና ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ። ከክርክር የባሰ ያ ጎረበጣት።

ከዚያ በኋላ ክፍሏ ጸጥ አለች። የሚጫወተው ተጫውቶ ይሄዳል፣ ለማየት የሚቆም ጠፋ። አንድ ቀን ጨዋታው ውስጥ ሰው በእጁ የሚሸከመው ተራራ የሚያህል መድፍ መጣ። ሁሉም ሳያስበው ወደ ኋላው ዞረ። ማንም የለም። «በቃ እንዲሁ ዝም ብለን ልንተኩስ ነው?» አለ መዶሻ፣ ቅር እያለው።

እታለም በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄደች። መምህሩን ቤተ ሙከራ ውስጥ የተሰበረ ሚዛን ሲጠግኑ አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ ሁሉም ውሸት ነው የሚሉትን ነገር ለምንድን ነው ቆመው የሚያዩት?»

ሚዛኑን አስቀመጡ። «ልሳፈርበት የምፈልገውን መኪና ነዋ የምመረምረው» አሉ። «የማልሄድበትንማ ጎማው ቢወልቅ ምን አገባኝ? ልጅ ሆኜ እኔ ሳድግ ሰው ሁሉ ጠፈር ላይ የሚኖር ይመስለኝ ነበር። ይኸው አረጀሁ። ምናልባት አንዱ በትክክል ከሠራው ብዬ ነው።»

እታለም ቦርሳቸውን አነሳችላቸው። «በሉ ይነሱ፣ መድፍ መጥቷል» አለች።

ሕግ ወጣ፤ መምህሩ የሚናገሩት ጨዋታው ፖዝ ሲደረግ ብቻ ነው። ውጤቱን ማንም አልጠበቀውም፤ ተጫዋቾቹ በየደቂቃው ፖዝ ያደርጉ ጀመር። መንኮራኩሩ ሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ጣቶች ሁሉ ሥራ ፈተው፣ ክፍሉ ሙሉ ሰው የኮከቦችን ርቀት ሲከራከር ያመሻል። የማዶው ቤት ስክሪኑ ሰፊ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሰው ግን አልነበረውም።

ዘመኑ አለፈ። ሰው ሁሉ በስልኩ መጫወት ሲጀምር እታለም ማሽኖቿን ሸጣ በዚያችው ክፍል የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ከፈተች። መምህሩም ጡረታ ወጡ። በቅርቡ መንገድ ላይ ተገናኙ፤ ከዘራ ይዘዋል።

«እነዚያ ጨዋታዎች አሁን እንዴት ሆኑ?» አሏት ሰላምታው ሳያልቅ።

«ኧረ ጋሼ፣ በጣም ተሻሽለዋል! አሁንማ ሁሉን አስተካክለውታል አሉ።»

ፊታቸው ጥቁር አለ። «ሁሉን?»

እታለም የተናገረችውን መዋጥ አማራት። «ማለቴ... እንደሱ ይላሉ እንጂ! ብዙ ይቀራቸዋል። ዓይን ያወጣ ስህተት ሞልቶባቸዋል። ቅዳሜ ሱቅ ብቅ ይበሉና እርስዎው ይዩት።»

መምህሩ ቀና አሉ። «ቅዳሜ? ከሰዓት ይሻለኛል።»

«ከሰዓት።»

ከዘራቸውን እያወዛወዙ እስኪታጠፉ በዓይኗ ሸኘቻቸው። ከዚያ ፊቷን ወደ ሱቋ ሳይሆን መዶሻ ወደሚሠራበት ጋራዥ አዞረች፤ እስከ ቅዳሜ የጌም ማሽን የሚያውሳት ሰው ማግኘት ነበረባት።