ጠያቂ የሚያስሮጡት እትዬ ፀሐይወርቅ

ከካንሰር ለተነሳ ሰው አንድ ተራ ቀን ምን እንደሚያስወጣው የደረሰበት ያውቀዋል። ፀጉር ማበጠር አንድ እረፍት፣ ደረጃ መውረድ ሁለት፣ ሻወር ደግሞ የግማሽ ቀን ጉልበት። የእትዬ ፀሐይወርቅ ቀን በዚህ ላይ ሦስት ማይል የእግር መንገድና የጠያቂዎቻቸውን ትንፋሽ ይፈጃል።

እንዲህ ያለ ሰው በየቤተ ክርስቲያኑ አንድ አይጠፋም፤ እሱ ከዳነ ወዲያ ሌላው ቁጭ ብሎ ሲያይ የሚያመው። የከተማችን የኮሎምበስ ክብርት የእግር ጉዞ ሚኒስትር እሳቸው ናቸው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ሲታመሙ፣ እንደ ወጋችን ድስት ድስታችንን ይዘን ሄድን። "እንዳይነሱ! እንደ አራስ ይተኙ!" እያልን በትራስ ከበብናቸው። ሐኪማቸው ተንቀሳቀሱ ብሏቸው ነበር፤ ሐኪሙን ማን ሰማው? ከሦስት ወር በኋላ ሊነሱ ቢሉ ጉልበታቸው ከዳቸው፤ መራመድን እንደ ሕፃን እንደገና ተማሩ።

ከዚያ ወዲህ እሳቸው ቤት ጥየቃ ሄዶ የተቀመጠ የለም። ድስቱን ፍሪጅ ያስገቡና "ተነሱ፣ እንሂድ!" ነው። ሽማግሌያችን ጋሼ ዳኛቸው በሙሉ ሱፋቸው ሄደው የፖላሪስን ሞል አራት ጊዜ ዞሩ።

"እኔ እኮ የመጣሁት ልጸልይልዎ ነው" ቢሉ፣

"እየሄዱ ይጸልዩ፤ እግዚአብሔር አይቀደምም!"

ዘንድሮ ተራው የኔ ሆነ። በሠላሳ አንድ ዓመቴ ግራ ጡቴን ኦፕራሲዮን ተደረግሁ። ክንዴ ከትከሻዬ በላይ አልወጣ አለ። ሔዋን፣ የሁለት ዓመት ልጄ፣ እጇን ዘርግታ "አፕ፣ ማሚ!" ስትል እንዳልሰማሁ እሆን ነበር።

እትዬ ፀሐይወርቅ ባዶ እጃቸውን መጡ።

"ቴራፒስቷ ምን አለችሽ?"

"ጣቶቼን በግድግዳው ሽቅብ እንዳስኬድ፣ በቀን ሦስት ጊዜ።"

"ስንቴ ሠራሽው?"

"ያመኛል እኮ፣ እትዬ።"

"እኔንስ ኮርኩሮኝ ነበር? ነይ!"

ጣቴ የደረሰበትን ቦታ ግድግዳው ላይ በእርሳስ አሰመሩ።

"ኧረ እትዬ! አከራዩ ያስያዝኩትን ዲፖዚት ይወስድብኛል!"

"ስትድኚ እንቀባዋለን። ትንሽ ከፍ!"

ስድስት ሳምንት ሙሉ፣ ከእሑድ በቀር በየቀኑ መጡ። ደወሉ በጮኸ ቁጥር በልቤ ስረግማቸው ከረምኩ። መስመሩ ግን በጣት በጣት ሽቅብ ወጣ።

ባለፈው ማክሰኞ ሔዋን "አፕ!" ስትል ሁለቱም እጆቼ አብረው ወረዱ። ብድግ አደረግኋት። ለካ ክብደቷን ረስቼው ኖሯል! እትዬ ፀሐይወርቅ ጎንበስ ብለው ያልተፈታ የጫማ ክራቸውን ፈትተው፣ አፍንጫቸውን እየሳቡ እንደገና ሲያስሩ ቆዩ። እኔም ያን ጊዜ፣ ነገ ባይመጡ ምን እንደምሆን አሰብኩ።

ልጽፍብዎ ነው ስላቸው፣ "ስለ እኔ ተይው፤ ይልቅ አንባቢዎችሽን ይህን ለምኚልኝ" አሉ፦

"የታመመ ሰው ልትጠይቁ ስትሄዱ፣ 'ተኛ' ከማለታችሁ በፊት ሐኪሙ ምን እንዳለው ጠይቁት። ተንቀሳቀስ ካለው፣ እባካችሁ፣ እስከ ፖስታ ሳጥኑም ቢሆን አብራችሁት ሂዱ።"